ግማሹ በኢንሹራንስ፣ ግማሹ በመሬት

ኤኖ ታመና የሞተው በራሱ ሳሎን፣ በራሱ ሶፋ ላይ ነው። ጫማውን አውልቆ ጎን ለጎን አስቀምጦታል፤ ትንሽ ጋደም ብሎ ሊነሣ ያሰበ ሰው ይመስላል። ፊቱ ግን እንደዚያ አይልም። ከግድቡ ማዶ ባሕሩ ሸሽቷል፣ ጭጋጉ እስከ መስኮቱ ድረስ ወርዷል፣ በረት ውስጥ ደግሞ የሚያልባቸው ያጡ ላሞች ያለ ማቋረጥ ይጮኻሉ።

ሬሳውን ያገኘችው እናቱ ቶማ ናት። ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዷ ለሻይ ብቅ ስትል በሩ እንደ ሁልጊዜው አልተቆለፈም ነበር፤ ልጇ ግን ቀዝቅዟል።

መርማሪ ፍራውከ ኡበን ከአውሪኽ ከተማ ስትደርስ ሬሳውን አየችና ጠረጴዛው ዘንድ ቆመች። እዚያው ብዙ ቆየች። ቀይ ጽጌረዳ የተሳለባቸው ሁለት ስስ ስኒዎች፣ በራድ፣ ክሬም፣ አንኳር ስኳር። አንደኛው ስኒ ተጠጥቶ አልቋል፤ ከታቹ የስኳር ቅሪት ብቻ ይታያል፣ ማንኪያውም ውስጡ ቆሟል። ሁለተኛው ግማሽ ድረስ ሻይ አለበት። ሻዩ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ቡናማ ሆኗል፤ ማንኪያው እስከ አንገቱ ክሬም ነክቶት ከስኒው ጎን ተጋድሟል።

«ይሄኛው ተማስሏል» አለ ባልደረባዋ ዲርክ።

ፍራውከም አይታዋለች። በዚህ የባሕር ዳር አገር ሻይ አይማሰልም። ስኳሩ ይቀድማል፣ ሻዩ ሲፈስበት ቀጭ ብሎ ይሰነጠቃል፣ ክሬሙ በስኒው ጠርዝ ቀስ ብሎ ይለቀቃል፤ ከዚያ ከለስላሳው ወደ መራራው፣ ከመራራው ወደ ጣፋጩ እያሉ መውረድ ነው። ማንኪያ የሚያስፈልገው ሦስተኛው ስኒ ሲያልቅ ውስጡ አቁሞ «በቃኝ» ለማለት ብቻ ነው። ከሦስት በታች ጠጥቶ መነሣት ባለቤቱን መናቅ ነው፤ ማማሰል ደግሞ ከዚያም ይብሳል።

«በዚህ ቤት የሚያማስል አንድ ሰው ብቻ ነው አሉ» አለ ዲርክ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሚስቱ ናት። ከተራራው አገር፣ ከባየርን የመጣች። የምትወርሰው እሷ፣ የምታማስለው እሷ። ለእኛ ምን ቀረን?»

«ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር ይባላል» አለች ፍራውከ። «እኔ ደግሞ ገንፎው እንዲህ ቶሎ ሲቀርብልኝ ነው ስንጥር የምፈልገው።»

ወደ ኩሽና ገባች። ሰማያዊዎቹ የዘወትር ኩባያዎች ከምድጃው በላይ መንጠቆአቸው ላይ ተንጠልጥለዋል፤ ሁሉም ደረቅ ናቸው። ፍሪጁን ከፈተች። ከክሬሙ ጠርሙስ አጠገብ አንድ ነጭ ሳጥን አለ፤ ውስጡ መርፌዎች ተደርድረዋል። ልጅ ለማግኘት የሚወጋ መርፌ መሆኑን ለማወቅ ጽሑፉን ማንበብ አላስፈለጋትም። ያ ሳጥን በወጣትነቷ አራት ጊዜ ከእሷም ፍሪጅ ገብቶ ወጥቷል። ያኔ ከምትወደው ሰው ጋር አልተጋቡም ነበርና የጤና መድኑ «ላልተጋባ ሳንቲም የለም» አላቸው። ሁሉንም ከኪሳቸው ከፈሉ። መጀመሪያ ኪሱ አለቀ፣ ከዚያ ፍቅሩ አለቀ፣ ልጁም አልመጣም። ፍራውከ የፍሪጁን በር በእጇ ደግፋ በቀስታ ዘጋችው።

የሟቹ ሚስት ቨረና ስትመጣ ፖሊሶች ግቢውን ሞልተውታል። ስለ ባሏ በሩ ላይ ነገሯት። አልጮኸችም። ኮቷን ሳታወልቅ የኩሽናው ወንበር ላይ ተቀመጠችና አልነሣም አለች።

«ዛሬ የት ዋሉ?» አለቻት ፍራውከ።

«ኦልደንቡርግ፣ ክሊኒክ። በጠዋት ወጣሁ፤ ቀጠሮዬ ግን ከቀትር በኋላ ነበር። ግድቡ ሥር መኪናዬን አቁሜ ተቀመጥኩ። ፈርቼ።»

«ያየዎት ሰው አለ?»

«በጎች።»

«ሕክምናው ስንተኛችሁ ነው?»

ቨረና ቀና ብላ አየቻት። የፍሪጁን ሳጥን አይቶ እንዲህ የሚጠይቅ ሰው መንገዱን የሄደበት እንደሆነ ገባት። «ሦስተኛችን። ኢንሹራንሱ ግማሹን የሚከፍለው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ለተጋቡ፣ ያውም ሴቲቱ አርባ ሳይሞላት። እኔ በሚቀጥለው ወር ይሞላኛል። ቀሪው ግማሽ ከራሳችን ነው፤ የሚተርፈውን በበረዶ ማስቀመጥ ደግሞ ሙሉ ለሙሉ ከራሳችን። ፋሲካ ላይ ጭራሽ አንከፍልም አሉን። ያኔ ኤኖ የአባቱን የግጦሽ መሬት ልሽጥ ብሎ ተነሣ። መሬቱን ወንድሙ ሃቦ ነው ለላሞቹ የሚጠቀምበት፤ በዚያው ሆድና ጀርባ ሆኑ። ኋላ ይግባኝ አልን፣ ፈቀዱልን።»

«እንደተፈቀደ ማን ያውቃል?»

«ቶማ። ጎረቤታችን ሉበርትም፤ መሬቱን ሊገዛ የነበረው እሱ ነው። ለሌላ ሰው አልነገርንም። ሁለት ጊዜ ተናግረን ሁለት ጊዜም መንደሩ አብሮን አለቀሰ። ሰለቸን።»

የቨረና ስልክ ጮኸ። የመርፌው ሰዓት ማስታወሻ ነበር፤ አጠፋችው፣ ተነሣች፣ ፍሪጁን ከፈተች። ማንንም ሳታይ ሹራቧን ከፍ አድርጋ መርፌውን ሆዷ ላይ ወጋች፤ በከንፈሯ እየቆጠረች ጠበቀች። መርፌውን ጥላ ስትመለስ «ሰኞ እንቁላሎቹ ይወጣሉ» አለች። «ጠዋት ነው። ኤኖ አብሮኝ ...»

ዓረፍተ ነገሩ እዚያው ቀረ።

«ተዋናይት» አለ ዲርክ በር ላይ፣ በፍራውከ ጆሮ።

ፍራውከ ዓይኗን ከቨረና አላነሣችም። ይህች ሴት ባሏ እንደሞተ ሰምታለች፤ ከእሱ ጋር ሌላ ምን እንደሞተ ግን ገና አልደረሰችበትም። የሟች ሰው ዘር ለጽንስ እንዳይውል ሕጉ ይከለክላል፤ ኢንሹራንሱም ለመበለት አይከፍልም። ቀስ ብሎ ይደርስባታል፤ ምናልባት ሰኞ ጠዋት።

በማግስቱ የላቦራቶሪው ውጤት ወጣ። በኤኖ ስኒ ውስጥ የተገኘው የልብ መድኃኒት ነው፤ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሰዓታት የሚገድል። በአካባቢው ያንን ክኒን የምትውጠው ቶማ ነበረች።

«ክኒንዎን ማን ይነካዋል?» ብላ ጠየቀቻት ፍራውከ።

«ማን የማይነካው አለ፣ ልጄ? ኩሽናዬ መስኮት ላይ ነው ያለው። ሃቦ ይመጣል፣ ኤኖ ይመጣ ነበር፣ ቨረናም ትመጣለች። እሁድ እሁድ ሳጥኑን የምትሞላልኝ የሃቦ ሚስት ጌሸ ናት፤ ዓይኔ ደክሟል። እሷ ባትኖር ከሞትኩ ቆይቼ ነበር።»

«ጽጌረዳ የተሳለባቸው ስኒዎችስ?»

«የሠርጌ ናቸው። ለኤኖ ሰጠሁት። ለገና፣ ለእንግዳ፣ ለክርስትና ነው የሚወጡት። ክርስትናው እንኳ ...»

«ሃቦ ሲመጣስ ይወጣሉ?»

«ለሃቦ?» ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «ለሃቦማ ከንፈሩ የተሸረፈውን ሰማያዊ ኩባያ ነበር የሚሰጠው። ወንድም እንግዳ ነው እንዴ?»

ሃቦ ታመና በረቱ ውስጥ ነበር፤ ግዙፍ ሰው፣ ዓይኖቹ የቀሉ። ጌሸ ከጎኑ ቆማ ትከሻውን ታሻሽ ነበር። ለስለስ ያለች፣ ከአፏ ክፉ የማይወጣ የምትመስል ሴት ናት።

«ትናንት ጠዋት ሌር ከተማ ነበርኩ፣ የከብት ጨረታ ላይ» አለ ሃቦ። «ከሉበርት ጋር። ገበያው ሁሉ አይቶኛል። የማለዳ ወጥቼ ማታ ነው የተመለስኩት።»

«ከወንድምዎ ጋር ተጣልታችኋል።»

«ተጣልተናል፤ አልክድም። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ብዬዋለሁ። ላልተወለደ ልጅ ብሎ የተወለዱ ጥጆቼን ሣር ሊሸጥ! ልጃችንስ ምን ሊያርስ ነው? ብዬዋለሁ። ግን ወንድሜ ነው።» ፊቱን በክንዱ ሸፈነ።

«አይፈረድበትም» አለች ጌሸ። «ኢንሹራንሱ እንኳ በቃችሁ ብሏቸው ነበር እኮ። እሺ ብለው አይቀመጡም? እሷ ናት የገፋችው። ወደ ተራራዋ የምትመለስበትን ገንዘብ ነበር የምትፈልገው።»

«ከፋሲካ ወዲህ እቤታቸው ገብተዋል?»

«እኔ? ኤኖ በሰው ፊት ምቀኛ ብሎኝ? ደጁንም አልረገጥኩ።»

ፍራውከ አመስግና ወጣች። መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሞተሩን ሳታስነሣ ጥቂት ተቀመጠች።

የመጨረሻው ሉበርት ነበር፤ ወሬ የሚወድ፣ ሚስቱ የሞተችበት ጎረቤት። «ሽያጩ ቀርቷል» አላት ገና ሳትቀመጥ። «ኢንሹራንሱ ግማሹን እሺ ካለ በኋላ ኤኖ የራሱን ግማሽ ከባንክ ሊበደር ወሰነ። ‹መሬቱ ለሃቦ ይቆይለት፤ ግን እኔው ራሴ ልንገራቸውና ልታረቅ፣ አንተ አፍህን ዝጋ› አለኝ። ዘጋሁ። በሕይወቴ አንዴ አፌን ብዘጋ ይኸው ሆነ።»

«በቅርቡ እነሱ ቤት ነበሩ?»

«እሁድ ዕለት። ቨረና የፖም ቁራጭ የተጣለበት ፍል ውሃ ትጠጣ ነበር። ሻይ ከተወች ሦስት ሳምንት ሆኗታል፣ ለልጁ ብላ። ‹ሻይ ከሌለበት ቤት እስር ቤት ይሻላል› ብዬ ቀለድኩባት። ሳቀች።» ሉበርት ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «ትስቅ ነበር፣ እሁድ ዕለት።»

በሦስተኛው ቀን፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ፍራውከ ሁሉንም ኤኖ በሞተበት ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ጭጋጉ አልተነሣም። ቶማና ቨረና ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ ሃቦ፣ ጌሸና ሉበርት ከፊት ለፊታቸው፤ ሶፋው ላይ ማንም አልተቀመጠም። ዲርክ በሩን ይዞ ቆሟል። ጠረጴዛው ላይ ከቁም ሣጥኑ የወጡ የጽጌረዳ ስኒዎች ተደርድረዋል።

«ከነገር በፊት ሻይ» አለች ፍራውከ። «እዚህ አገር ፖሊስም ቢሆን ይሄን አይዘልም። የወይዘሮ ቶማ እጅ ይንቀጠቀጣል። ወይዘሮ ጌሸ፣ ይቅዱልን?»

ጌሸ ደስ ብሏት ተነሣች። ስኳሩን በየስኒው ጣለች፣ ሻዩን ቀዳች፣ ክሬሙን በየጠርዙ ለቀቀች። እጇ አልተንቀጠቀጠም። ለቶማ፣ ለሃቦ፣ ለሉበርት፣ ለፍራውከ አደለች። በመጨረሻ ለቨረና አንዱን ሞልታ ቀዳችና ማንኪያውን ራሷ አስጠግታ አስቀመጠችላት። «ማንኪያሽ ይኸው» አለች በለስላሳ ድምፅ።

ቶማ ስኒውን አየችው። ሉበርትም አየው። ሃቦ ምንም አላስተዋለም፣ የራሱን ይነፋ ነበር። ቨረና ስኒውን በሁለት ጣት ገፋ አደረገችው።

«ወይዘሮ ጌሸ» አለች ፍራውከ፣ «ለምን ለእሷ ቀዱላት?»

«ምን ማለት ነው? ለሁሉም ቀድቻለሁ።»

«ቨረና ሻይ ከተወች ሳምንታት ሆኗታል። ወይዘሮ ቶማ ያውቃሉ፣ ሉበርት ያውቃል፣ ኤኖም ያውቅ ነበር። እንግዲህ ኤኖ የሞተበት ዕለት እዚህ ጠረጴዛ ላይ የተማሰለ ሻይ አገኘን። ያየው ሁሉ ‹ቨረና ናት› አለ። እኔ ግን እላለሁ፦ ያንን ስኒ ያማሰለው ሰው ቨረና እንደምታማስል የሚያውቅ፣ ሻይ መተዋን ግን የማያውቅ ሰው ነው። እዚህ ካለነው ይህን የማያውቁት ሁለት ናቸው። ከፋሲካ ወዲህ እዚህ ቤት ያልገቡት።»

ሃቦ ስኒውን አስቀመጠ። «እኔ ጨረታ ላይ ነበርኩ።»

«ነበሩ፤ አጣርቻለሁ። ደግሞም ለእርስዎ የሚወጣው ከንፈሩ የተሸረፈው ኩባያ ነው። ከትናንት በስቲያ ግን ሰማያዊዎቹ ኩባያዎች ከመንጠቆአቸው አልወረዱም። ኤኖ የእናቱን የሠርግ ስኒ ነው ያወጣው። ባልና ሚስት በአዘቦት ቀን በዚህ አይጠጡም፤ ወንድምም አይቀዳለትም። ይህ ስኒ የሚወጣው ለእንግዳ ነው። ወይም በሰው ፊት ምቀኛ ብሎ ላስቀየማት፣ ይቅርታ ለሚጠይቃት ሴት።»

ጌሸ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ነበር። «ሚስቱ ናት የምትወርሰው» አለች። «እኔ ምን አገኛለሁ?»

«ቨረና ብትታሰርስ? ባሏን የገደለች ሚስት አትወርስም። ልጅ የለም። እርሻው ወደ እናቱና ወደ ወንድሙ፣ ከዚያም ወደ ልጃችሁ ይሄዳል። ለዚያ ነው የተማሰለውን ስኒ ትተው የሄዱት። ክኒኑንም እሁድ እሁድ የሚሞሉት እርስዎ ነዎት፤ የጎደለውን የሚያይ ዓይን ወይዘሮ ቶማ የላቸውም።» ፍራውከ ድምፅዋን አላነሣችም። «ግን ቨረናን በደንብ አልመረጧትም። በዚህ ሳምንት የኤኖን ሕይወት ከእሷ አብልጦ የሚፈልግ ሰው በዓለም ላይ አልነበረም። እሱ ከሌለ ሰኞ የለም፣ ኢንሹራንስ የለም፣ ሌላ ሙከራ የለም። እርስዎ ይህን አላወቁም፤ ‹ኢንሹራንሱ በቃችሁ ብሏቸዋል› አሉኝ። የፋሲካውን ወሬ ይዘው ነው የቀሩት። ለብቻዎ ከስኒዎቹ ጋር ለመቅረት ኤኖን ክሬም እንዲያመጣ ልከውት መሆን አለበት። ራስዎ ሄደው ቢሆን መርፌዎቹን ከክሬሙ አጠገብ ያዩአቸው ነበር።»

ሃቦ ወደ ሚስቱ ዞረ፤ እንደ ትልቅ በሬ ቀስ ብሎ ነው የዞረው። «ጌሸ» አለ። «በዪ ንገሪያት እንጂ። ተሳስተሻል በያት።»

ጌሸ ወደ ባሏ ዞረች።

«መሬቱን አልሸጠውም አለኝ» አለች። «ኢንሹራንሱ ግማሹን ከፈለን፣ የሃቦ መሬት ነው፣ ማልቀሱን ተዪና ይቅር በይኝ አለኝ። ሁለተኛውን ስኒ እየጠጣ ነው የነገረኝ።»

«መድኃኒቱ የቱ ላይ ነበር?» አለች ፍራውከ።

«የመጀመሪያው ላይ።»

ሃቦ ከወንበሩ ተነሣ። «ሐኪም ትጠሪ ነበር። ሰዓታት ነበሩት። ነግሮሽ፣ መሬቱን ትቶልን፣ አንቺ ከዚያ ምን አደረግሽ?»

«ሦስተኛውን ቀዳሁለት» አለች ጌሸ።

ዲርክ ሲወስዳት አልታገለችም። በሩ ላይ ስትደርስ እንኳ ጫማዋን እንደ ጨዋ እንግዳ ምንጣፉ ላይ ጠረገች። ሃቦ ወደ በረት ወጣ፤ ላሞቹ እንደገና መጮኽ ጀምረው ነበር፣ ከእነሱ ጩኸት መሐል የእሱም ተሰማ። ሉበርት ተከትሎት ሄደ።

የቨረና ስልክ ጮኸ።

እንደ መጀመሪያው ቀን ተነሣች፣ ኩሽና ገባች፣ ፍሪጁን ከፈተች። እጇ ሳጥኑ ላይ ቀረ። ፍራውከ በሩ ላይ ደረሰች።

«ዛሬ ከኢንሹራንሱ ደውለውልኝ ነበር» አለች ቨረና ጀርባዋን እንደሰጠች። «ፈቃዱ ለባልና ሚስት ነው አሉኝ። ሐዘናችንንም እንገልጻለን አሉኝ። የደወለችው ጨዋ ሴት ናት፣ ስሜን በትክክል ጠራችኝ። መርፌውን ልውጋ ወይስ ይቅር የሚለውን ግን የነገረኝ ሰው የለም።»

ፍራውከ በሥራ ዘመኗ ለብዙ ሰው መርዶ ተናግራለች። ይኼኛው ግን አፏ ውስጥ ከበዳት፤ ራሷም አንድ ቀን በእንዲህ ዓይነት ፍሪጅ ፊት ቆማ ይህን ቃል ከሌላ ሰው ለመስማት ጠብቃ ነበር።

«ይቅር» አለች።

ቨረና ፍሪጁን ዘጋችው።

ቶማ ግድግዳውን እየተደገፈች መጣች። በእጇ ጌሸ ለቨረና የቀዳችው ስኒ ነበር፤ ሻዩን ማጠቢያው ውስጥ ደፋችው፣ የሠርጓን ስኒ ግን ወደ ሳሎን አልመለሰችውም። እጇን ዘርግታ ከመንጠቆው አንዱን ሰማያዊ ኩባያ አወረደች። ስኳሩን ጣለች፣ ከበራዱ ሻይ ቀዳች፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ ክሬሙ ከጠርዙ ወጥቶ ፈሰሰ። ኩባያውን ቨረና ፊት አስቀመጠችና ከመሳቢያው ማንኪያ አውጥታ ሰጠቻት።

ቨረና ኩባያውን አየች። ሻይ ነበር፤ አሁን ሊከለክላት የሚችል ነገር የለም። ያኔ ነው ሁሉም ነገር የደረሰባት።

«አማስዪው፣ ልጄ» አለች ቶማ።

ማንኪያው ኩባያውን እየነካ ድምፁ በኩሽናው ተሰማ። በዚያ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ስለ ማማሰሏ ምንም አልተናገራትም።